አሰላ ወይስ ድሬዳዋ

ልጁ ፌስታሉን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ያለው ሲኒ ቀዝቅዟል። ከመንገዱ ዳር ረዳቱ «አሰላ! አሰላ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ልጁ ብድግ ይላል። ትንሽ ያስብና ተመልሶ ይቀመጣል። አባዱላው ይሞላል፣ ይሄዳል። ሌላ ይተካል። ልጁ አሁንም ብድግ ይላል፣ አሁንም ይቀመጣል።

ቦታው እዚሁ አዳማ ነው። የአሰላው መንገድ ከዋናው መንገድ በሚገነጠልበት አካባቢ፣ ከሥራ ስወጣ ቡና የምጠጣበት የመንገድ ዳር ቡና አለ። ቡናውን የሚያፈሉት ሴት በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እትዬ እላቸዋለሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀበት ሰሞን ነበር። ያን ዕለት ያየሁትና የሰማሁት ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል። ወይም ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ በሚያልፍባት ከተማ ስለሆነ ይሆናል።

በመጨረሻ ልጁ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። እርስዎ ቢሆኑ በየትኛው ይሄዱ ነበር?»

«ከየትና ከየት?»

«ከአሰላና ከድሬዳዋ።»

ከአዲስ አበባ መምጣቱ ነው። ፈተናውን ከጨረሰ ጀምሮ ከአንድ የአገሩ ልጅ ጋር ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። አባቱ ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ስንዴ ያርሳሉ። አጎቱ ደግሞ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ሱቅ አለው። «ና አግዘኝ» ብሎታል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ መንገዱ ለሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ እዚህ እስኪደርስ መወሰን አላስፈለገውም። አዳማ ላይ ግን ይለያያል። አንዱ ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ አርሲ ደጋ ሽቅብ ይወጣል፤ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላው በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ፣ የጨርጨርን ተራሮች አቋርጦ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

እኔም አብሬው ማስላት ጀመርኩ። ሱቅ ብትገባ ንግድ ትለምዳለህ። አባትህ ጋ ብትሄድ ደግሞ ለፈተና በድጋሚ ለመቀመጥ ጊዜ ታገኛለህ። ድሬዳዋ ሙቀቱ ከባድ ነው። አጎት ጥሩ ነው፣ ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል። የምለውን ሁሉ ገና ሳልጨርሰው ያውቀዋል። ይህን ስሌት ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲያሰላው መጥቷል።

እትዬ ፍሙን እያራገቡ ነበር። ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

«ውጤትህን ለአባትህ ነግረኸዋል?»

ልጁ ስለ ውጤት አንድም ቃል አልተነፈሰም ነበር። እኔም አልጠየቅኩትም። ዝም አለ። የፌስታሉን ጆሮ በጣቱ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ።

«አልተለቀቀም ብዬዋለሁ» አለ።

«ይደውላል?»

«ማታ ማታ ይደውላል። በልተሃል ወይ ይለኛል። ሌላ ነገር አይጠይቅም።»

እትዬ የቀዘቀዘውን ሲኒ አንስተው ደፉት። አለቀለቁት፣ ቶናውን ቀዱለት።

«ይችን ጠጣና ደውልለት። መኪናው ይቆይ። አሰላም ድሬዳዋም የትም አይሄዱም።»

ከደወለ በኋላ

ልጁ ከመብራት ምሰሶው ሥር ሄዶ ጀርባውን ሰጠን። በኦሮምኛ ነበር የሚያወራው። በመንገዱ ከጂቡቲ የመጡ ተሳቢዎች ኮንቴይነር ጭነው ያልፋሉ፣ ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፤ የሚለው አልተሰማኝም። የማየው ትከሻውን ብቻ ነበር። መጀመሪያ ወደ ላይ ተወጥሯል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። በነጻው እጁ ዓይኑን ጠረገ።

ተመልሶ ሲቀመጥ ከአባዱላው ረዳት ጥሪ ጋር ብድግ ማለቱን ትቷል።

«ቀድሞ ሰምቷል» አለ። «የጎረቤት ልጅ ነግሮታል። እኔ እስክነግረው እየጠበቀ ነበር።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«በልተሃል ወይ አለኝ።»

እትዬ ሳቁ። ልጁም ሳቀ። እኔ ግን ወዲያው መሳቅ አልቻልኩም። አባትየው በየማታው ሲደውሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ልጁ «አልተለቀቀም» ሲላቸው እሺ ብለው፣ በልተሃል ወይ ብለው ስልኩን ይዘጉ ነበር። ሁለቱም አንድ ወሬ ይዘው፣ አንዱ ለመናገር ፈርቶ፣ ሌላው ልጁን ላለማሳፈር ብሎ ተደባብቀው ከርመዋል። አባት ስለመሆን ብዙ ሰምቻለሁ። ይህን የሚያህል ትዕግሥት ግን ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ከዚያ የልጁ ጥያቄ በራሱ ጊዜ ተፈታ። «ዛሬ አሰላ ልሂድና አባዬን ልየው። ከሰነበትኩ በኋላ ድሬ እሄዳለሁ፤ አጎቴም ይጠብቃል» አለ። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። ግማሽ ቀን ሙሉ ያስቀመጠው ምርጫ ምርጫ እንኳን አልነበረም። ሁለቱም መንገዶች የእሱ ነበሩ። ከአንዱ መጀመር ብቻ ነበር የቀረው።

እዚያች በርጩማ ላይ ያሰረው መንገዱ አልነበረም። ያልተነገረ ወሬ ነው ያሰረው። ወደ አሰላ እንዳይሄድ የአባቱን ፊት ፈራ። ወደ ድሬዳዋ እንዳይሄድ ደግሞ ከአባቱ እየሸሸ መሆኑን ልቡ ያውቀዋል። በሁለቱም መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ያው አንድ ነገር ነበር።

«መስቀለኛ መንገድ ላይ ነኝ» ስንል

ብዙዎቻችን ይህን እንላለን። ሥራ ልቀይር ስንል፣ ላግባ አላግባ ስንል፣ አገር ልልቀቅ ስንል። ስንናገረው ግን ችግሩ ያለው መንገዶቹ ላይ ይመስለናል። የትኛው ይሻላል፣ የትኛው ያዋጣል፣ የትኛው ያስቆጫል እያልን እናሰላለን። ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳንሆን እንፈራለን።

አዳማ የሚኖር ሰው መስቀለኛ መንገድን በየቀኑ ያያል። መኪና ሁሉ እዚያ አይቆምም። ሹፌሩ የሚሄድበትን ካወቀ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ አይወስንም። ከመቶ ሁለት መቶ ሜትር በፊት ረድፉን ይዟል፣ ፍሬቻ አብርቷል። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሌላውን የሚያስጮህ ሹፌር ብዙ ጊዜ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ነው። አገሩን እያወቀ የሚቆምም አለ። እሱ ግን ስልክ እያወራ ነው፣ ወይም አብሮት ካለው ሰው ጋር አልተስማማም።

ከአዲስ አበባ አዳማ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ ደግሞ መስቀለኛ የሚባል ነገር የለውም። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ማቋረጥ መንዳት ለእኛ አዲስ ነገር ነው። ቢሾፍቱንና ሞጆን በጎን ትቷቸው ያልፋል። መውጫህ ካለፈህ አለፈህ፤ እዚያው ዞረህ መመለስ የለም፣ እስከሚቀጥለው መውጫ መንዳት ነው። ተማሪዎቼ ሕይወትን እንደዚህ መንገድ ሲያስቧት አያለሁ። አንድ መውጫ ካመለጣቸው ሁሉም ነገር ያበቃ ይመስላቸዋል። የከተማችን አደባባዮች ግን እንደዚያ አይደሉም። መውጫህን ካልለየኸው አንድ ጊዜ ዞረህ መመለስ ትችላለህ። ከኋላህ ያለው ቢያጉረመርም እንኳ ክቡ ውስጥ ቀድመህ እስከገባህ ድረስ ቅድሚያው ያንተ ነው።

ባቡሩም ቆሞ ነበር

ልጁ የጠራቸው ሁለት ከተሞች ሌላ ነገርም አስታወሱኝ። ድሬዳዋ ራሷ የመንታ መንገድ ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ሐረር ታላቋ የንግድ ከተማ ናትና። ነገር ግን ወደ ሐረር ተራራ ሐዲድ ማውጣት ወጪው አልተቻለም። ሐዲዱ በግርጌው በሜዳው አለፈና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሐዲዱ እዚያ ደርሶ ለዓመታት ቆመ። ከፊቱ ያለው አገር ከባድ ስለነበር ብቻ አይደለም። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ነበር። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ባቡሩ የማን ይሁን በሚለው ላይ ይሻኮቱ ነበር። ምኒልክም የውጭ መንግሥታት በባቡር ሽፋን አገራቸው እንዳይገቡ ይጠነቀቁ ነበር።  ከሁሉ በላይ የጎደለው ግን በሰዎቹ መካከል ስምምነት ነበር። እሱ ሲገኝ ሥራው ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። የእኛ አዳማም ከተማ የሆነችው በዚሁ ሐዲድ ላይ ጣቢያ ሆና ነው።

ሐረርስ? ባቡሩ ስላልመረጣት አልጠፋችም። ድሬዳዋ አደገች፣ ንግዱ ወደ ታች ወረደ፣ ሐረር ግን በግንቧ ውስጥ የራሷን ኑሮ ኖረች። ዛሬ ግንቧ ጀጎል በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አንዱን መንገድ ስንመርጥ ሌላውን የገደልነው ያህል ለሚጨንቀን ሰዎች ሐረርን ማየት ጥሩ ነው። የእኛው የድሮ ሐዲድ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ተመርጦ፣ ከተማ ቆርቁሮ፣ አርጅቶ ቆመ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ መስመር ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሌላ ጣቢያ አለው። የተመረጠውም ለዘለዓለም የተመረጠ አይደለም። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ሁሉ አይተው ነው።

የመንገድ ዳኛ

አያቴ መንታ መንገድ ላይ የተጣለ ነገር እንዳንረግጥ ታስጠነቅቀን ነበር። ለታመመ ሰው ጭዳ ተደርጎ የሚጣለው እዚያ ነው፤ በሽታው አላፊ አግዳሚው ላይ ተላልፎ እንዲሄድ። ልጅ ሆኜ ዶሮ ላባ ባየሁ ቁጥር ዞሬ ነው የማልፈው። አሁን ሳስበው ግን ሰዎቹ ያደርጉት የነበረው ነገር ይገባኛል። ቤት ውስጥ አምቀው መያዝ ያልቻሉትን ጭንቀት አውጥተው ሰው በሚያልፍበት ቦታ ማስቀመጣቸው ነው።

ሌላም ወግ ነበረን። ድሮ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆሙ ነበር። መንገደኛው ይቀመጣል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል። እሱ ይፈርዳል፤ ካልተስማሙ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። የመንገድ ዳኛ ይሉታል። ሰውየው ማንንም አያውቅም፣ ማንም አያውቀውም። የሚጠቀመው ነገርም የለም። እኔ እንደማስበው ትልቁ ጥቅሙ ፍርዱ አልነበረም። ተጣዪዎቹ ለእንግዳ ሰው ሲያስረዱ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው ጮክ ብለው ለመናገር ይገደዳሉ። አብረው የኖሩ ሰዎች «ታውቀው የለ» እያሉ የሚዘሉት ነገር ሁሉ ይወጣል።

ልጁ እኔን የጠየቀኝም ለዚህ ይመስለኛል። አጎቱን፣ የአገሩን ልጅ፣ እናቱን መጠየቅ ይችል ነበር። የማያውቁት ሰው ዘንድ ነው የሄደው። እትዬ ደግሞ እንደ ጥሩ የመንገድ ዳኛ የጎደለውን ምስክር ጠየቁ።

በኋላ «በምን አወቁ?» አልኳቸው። «በዚህ ሰሞን ፌስታል ይዞ መኪና እየሸኘ የሚቀመጥ ልጅ ሌላ ምን አለው?» አሉኝ። ቀጠሉና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኔ እዚህ ስቀመጥ ያየሁት ይህን ነው» አሉ። ሹፌሮች፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች፣ ሥራ የለቀቁ ወጣቶች እሳቸው ጋ ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ መንገድ ይጠይቃሉ። ጥቂት ካወሩ በኋላ ግን የቆሙት ለአንድ ሰው መናገር ያለባቸውን ነገር ስላልተናገሩ መሆኑ ይወጣል። ለባል፣ ለእናት፣ ለአበዳሪ። እርግጥ የገንዘብ ችግር ብቻ የሆነም አለ። ለዚያኛው የእትዬ ጥያቄ አይሠራም፤ የመሳፈሪያ ብር ነው የሚሠራው፤ እሱንም ሲሰጡ አይቻለሁ።

ናቹራል ወይስ ሶሻል

እኔ ጋ ቢሮ የሚመጡት ልጆች ጥያቄ ሌላ ነው። አሥረኛን ጨርሰው 11ኛ ሲገቡ «ናቹራል ልግባ ሶሻል?» ይሉኛል። ጥያቄው ከድሮው ይልቅ ከብዷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ገና ዘጠነኛ ክፍል ያሉት ሳይቀሩ ደንግጠው ነበር። አንድ ስህተት የሠራ ልጅ ገደል የሚገባ መሰላቸው። ወላጆችም ደነገጡ። ስለዚህ ልጆቹ ይዘው የሚመጡት ወረቀት በሁለት ዓምድ የተሞላ ነው፤ በዚህ በኩል ጥቅሙ፣ በዚያ በኩል ጉዳቱ።

ያንን ወረቀት አሁንም አብሬአቸው አነባለሁ። ውጤታቸውን እናያለን፣ የሚወዱትን ትምህርት እጠይቃለሁ፤ ይህ መቅረት የለበትም። አንድ ጥያቄ ግን ጨምሬአለሁ። «ለማን ያልነገራችሁት ነገር አለ?»

ሰሞኑን አንዲት ተማሪዬ መጣች። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት። አባቷ ሐኪም እንድትሆን ይፈልጋሉ። እሷ ሕግ መማር ነው የምትፈልገው። ወረቀቷ ላይ ሁሉም ነገር ወደ ሶሻል ያደላል፤ ቅጹን ግን መሙላት አልቻለችም። አባቷን ነው የምትፈራው ብዬ ጥያቄዬን ጠየቅኳት።

«ለአባዬ ነግሬዋለሁ» አለች። «ባይወደውም ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ ለማን አልነገርሽም?»

መስኮቱን አየች። ከዚያ የጓደኛዋን ስም ጠራች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ጓደኛዋ ናቹራል ትገባለች፤ ሁለቱ አብረው እንደሚገቡ በልጅነታቸው ተማምለዋል። ሐኪም የመሆኑ ሐሳብ ራሱ የሁለቱ የጋራ ጨዋታ ነበር፤ አሻንጉሊት እያከሙ ያደጉበት። እኔ ወረቀቱ ላይ ስለ ደመወዝና ስለ ዩኒቨርሲቲ ምደባ እፈልግ የነበረ ሰው፣ ይህን የትኛው ዓምድ ውስጥ አገኘው ነበር?

በማግሥቱ ሁለቱም አብረው መጡ። የጓደኛዋ ዓይን አብጧል። አኩርፋለች፣ ግን እጇን አልለቀቀችም። «ቢያንስ ቀድማ ልትነግረኝ ይገባ ነበር» አለችኝ፣ ለእሷ እንዲደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ተማሪዬ ቅጹን እዚያው ሞላች፣ ሶሻል። ጓደኛዋ የራሷን ሞላች፣ ናቹራል። ሲወጡ የሚያወሩት የምሳ ሰዓታቸው ይገጥም እንደሆነ ነበር። ይገጥማል፤ የሁለቱም ዘርፍ ተማሪዎች የሚወጡት በአንድ ደወል ነው።

አባትየው ግን አሁንም አልተዋጠላቸውም። ደውለው ሊያነጋግሩኝ ሐሙስ እንደሚመጡ ነግረውኛል። ልጃቸውም እንድትገኝ ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል። ሕግ ለምን እንደመረጠች ከእኔ ሳይሆን ከእሷ አፍ ይስሙት።